ሳይጠይቃት የያዘላት ወንበር

ሃጀር ስትናደድ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። እናቷ እትዬ ከድጃ «ይቺ ልጅ ጮኻ ቢወጣላት ይሻል ነበር» የሚሉት ለዚህ ነው። የጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ጠዋት፣ በትልቁ ዩኒቨርሲቲ የምዝገባ ቢሮ መስኮት ፊት ቆማ፣ ድምጿ እስኪጠፋ ድረስ ተናደደች።

የምትማረው እዚያ አይደለም። የምትማረው ከዚያ አንድ አውቶቡስ በሚያደርሰው ትንሽ የግል ኮሌጅ ነው። ኮሌጇ የማይሰጠውን ኮርስ ተማሪው ጎረቤት ግቢ ሄዶ እንዲወስድ ይፈቀዳል፤ ግን ፈቃዱን ማግኘት ራሱ አንድ ኮርስ ነው። አማካሪ ይፈርማል፣ ዲን ይፈርማል፣ የዚያኛው ግቢ መምህር ይፈርማል። ይሄ ሁሉ አልቆ እንኳ እንግዳ ተማሪ የሚመዘገበው የግቢው ልጆች ከጨረሱ በኋላ፣ ትምህርት በሚጀመርበት ቀን፣ ያውም ትርፍ ወንበር ከተገኘ ነው።

ሃጀር የምትፈልገው ሁለተኛውን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነበር። የኮሌጇ መምህር ዘንድሮ እረፍት ላይ ስለሆኑ እዚያ አይሰጥም። ሲንሲናቲ ከተማ ያለ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ደግሞ ተቀብሏታል፤ ይህን ኮርስ እስከ ሜይ ጨርሰሽ ነይ፣ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቺ ብሏታል። አባቷ ጋሽ ጣሃ ከከተማው ዳር ኦቤትስ በሚባለው ሰፈር ባለው መጋዘን አብሯቸው ለሚሠራ ሰው ሁሉ «ልጄ ፋርማሲስት ልትሆን ነው» ብለው ጨርሰዋል።

እሁድ ጠዋት ኮምፒውተሯ ላይ ስታይ አንድ ወንበር ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ ተመዝግቦ ስለጨረሰ ማንም አይወስድብኝም ብላ ተማመነች። ሰኞ የቢሮው በር ሳይከፈት ደረሰች። የቢሮው ሠራተኛ ስክሪኗን አየት አድርጋ ሞልቷል አለቻት፤ ትናንት ከሰዓት አንድ ተማሪ የመጨረሻውን ወንበር ወስዶታል፣ ከሞላ በኋላ ደግሞ አራት ሰው ተጠባባቂ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሃጀር ሦስት ፊርማ ያረፈበትን ወረቀቷን ይዛ ዞረች። ኮሪደሩ ላይ ሱሀይል ፊቱ በርቶ ቆሟል።

ሱሀይልን ያወቀችው ባለፈው ሴፕቴምበር፣ የመጀመሪያውን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እዚሁ ግቢ ስትወስድ ነው። የእንግዳ ካርዷ የቤተ መጻሕፍቱን በር አልከፍትም ብሎ፣ «ምን አባቱ ነው የሚፈልገው ይሄ በር» ብላ በአማርኛ ስታጉረመርም፣ ከኋላዋ አንድ ረጅም ልጅ «እንዲህ ተቆጥተሽው እንዴት ይከፈታል?» አላት። በራሱ ካርድ ከፈተላት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቤተሰቡ ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጠናሉ። አራት ወር ሙሉ ስለ ፍቅር አንድ ቃል አልተነፈሱም። እሱ ቀና ሲል እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ እሷ ቀና ስትል እሱ ያላነበበውን ገጽ ይገልጣል። ሁለቱም ግን ያውቁታል።

«ሞልቷል» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ሳቁ እያመለጠው። «እኔ ነኝ የያዝኩልሽ።»

ወይ ጉድ! ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ያቺ አንዲት ወንበር እንዳትወሰድባት ፈርቶ እሁድ ከሰዓት ራሱን ኬሚስትሪ አስመዘገበ። ሰኞ እሷ መስኮቱ ፊት ስትቆም እሱ ይለቃል፣ እሷ ትገባለች፤ ዕቅዱ ይሄው ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ «ወረፋ ያዝልኝ» እየተባባለ ያደገ፣ ወንበር ላይ ደብተር ጥሎ ለጓደኛው ቦታ የሚይዝ ልጅ፣ ኮምፒውተር ይሉኝታ እንደማያውቅ ዘነጋው፤ ያውም ኮምፒውተር እየተማረ! ወንበሩ ሲለቀቅ የሚገባው የመጀመሪያው ተጠባባቂ ነው። የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ደግሞ የተከፈተው እሱ የመጨረሻዋን ወንበር ስለወሰዳት ነው። ባይነካት ኖሮ እዚያው ትቆያት ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው።

ወደ መስኮቱ ሄዶ ይህን ከቢሮው ሠራተኛ አፍ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። መምህሩ ዘንድ ሮጡ። መምህሩ አዘኑ፤ ግን ላብራቶሪው የሚይዘው ሃያ አራት ሰው ነው፣ ከዚያ በላይ አንድም ሰው ማስገባት አልችልም አሉ። ከሕንፃው ሲወጡ ሱሀይል አሁንም ተስፋ አልቆረጠም፤ ይዤው ልቆይና አንድ ሳምንት እንይ፣ ተጠባባቂዎቹ ሊሰለቻቸው ይችላል እያለ ማውራት ጀመረ።

ሃጀር ቆመች። የተናገረችውን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት።

«ያዝልኝ ብዬሃለሁ?»

«ሃጁ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብትል ደውለህ ትጠይቀኝ ነበር። ጀግና መባል አማረህ እንጂ ለእኔ ብለህ አይደለም።»

ሃጀር ስልኩ ያለበትን ኪሱን በጣቷ አሳየችው።

«አሁን ድሮፕ አድርገው። እዚሁ፣ ፊቴ። ዝርዝሩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሰውም እንደኔ ቸግሮት ይሆናል። በማትማርበት ወንበር ሰው አታስጠብቅ።»

ስልኩን አውጥቶ ኮርሱን ለቀቀው። መልቀቁን በዓይኗ አይታ ካረጋገጠች በኋላ ወደ አውቶቡሷ ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠች ቁጥሩን ብሎክ አደረገችው።

ቤት የጠበቃት የባሰ ነበር። ጋሽ ጣሃ ወንበሩ እንዳመለጣት ሲሰሙ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ወረቀቷን በጊዜ አላስገባችም። «ችላ ብለሽ ነው» አሏት። ስትገባም ስትወጣም «ችላ ብለሽ ነው»። እውነቱን እንዳትናገር፣ እውነቱ ውስጥ አራት ወር ሙሉ አብሯት የተቀመጠ ወንድ ልጅ አለ። የሰው ጥፋት ተሸክማ በገዛ ቤቷ ዝንጉ ተብላ ዝም አለች። ይበልጥ የሚያንገበግባት ግን ማክሰኞና ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያ ሰው የሚናፍቃት መሆኑ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጁምዓ ላይ፣ ከሶላት በኋላ፣ ጋሽ ጣሃ ሱሀይልም በሚሰግድበት መስጊድ ደጅ ጫማቸውን እያደረጉ ልጃቸው በቸልተኝነት ዓመቷን እንዳቃጠለች ለአንድ ሰው ሲያማርሩ ሱሀይል ሰማ። በማግስቱ ከሰዓት ቤታቸው መጣ። ብቻውን።

ሃጀር ኩሽና ሆና ድምፁን ስትሰማ የያዘችው ሳህን ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ጣሃ ሰላምታውን መለሱለት፣ ተቀመጥ አሉት። አልተቀመጠም። ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ወንበሩን፣ ተጠባባቂዎቹን። እሷ አልዘገየችም፣ ዓመቷን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ትልቅ ሰው የለህም?» አሉት። «ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ብቻህን ትመጣለህ? ለይቅርታም ቢሆን ሽማግሌ ይላካል።»

«ሽማግሌ ብልክ ጥፋቴን አሳምረው ነው የሚነግሩልኝ፣ ጋሽ ጣሃ። እንዳለ ይስሙት ብዬ ነው።»

ይሄኔ ሃጀር ወጣች። እጇ ገና እርጥብ ነው። በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች።

«አሁንም ሳትጠይቀኝ! ለአባቴ የሚነገረውንና የማይነገረውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ወቀሳ የዋጥኩት ለምን ይመስልሃል? መቼ ነው አንድ ነገር ከማድረግህ በፊት ‹ሃጀር፣ ላድርግ ወይ?› የምትለኝ?»

እትዬ ከድጃ ከኩሽና «ያ አላህ» አሉ።

ጋሽ ጣሃ ልጃቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ደግመው ልጃቸውን አዩ። ሞኝ አይደሉም። ሰው ለማይፈልገው ሰው እንዲህ እንደማይናደድ ያውቃሉ።

«ችላ አላልሽም ለካ» አሏት ቀስ ብለው። ከጋሽ ጣሃ አፍ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ ለሱሀይል በሩን አሳዩት፤ ከእንግዲህ ይህን ደጃፍ ከረገጥክ ከሰው ጋር ይሁን አሉት።

ሱሀይል በሩ ጋ ሲደርስ ቆሞ ዞረ። የዞረው ግን ወደ ጋሽ ጣሃ አልነበረም።

«ሃጀር፣ ሰው ልላክ?»

አባት ፊት ልጅቷ በቀጥታ ስትጠየቅ በዚያ ሳሎን ተሰምቶ አያውቅም። ሃጀር ጉንጯ ጋለ። እሺ ማለት ፈልጋለች፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ፈልጋለች። ግን ሲንሲናቲ በአንድ ዓመት ርቃባታለች፤ ያራቀባትም ይሄ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ነው።

«ተናድጃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እስክጠራህ እንዳትመጣ፣ ሰውም እንዳትልክ።»

ሄደ። አልመጣም፣ ሰውም አልላከም።

ሃጀር በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንደምታመለክት ለሲንሲናቲ ደብዳቤ ጻፈች፣ በጁን ለሚጀመረው የበጋ ሴሚስተርም ፎርሙን ከአንድ ጀመረች። አማካሪዋ ፈረሙ፣ ዲኑ ፈረሙ። በማርች አንድ ቀን ሦስተኛውን ፊርማ አስፈርማ ከኬሚስትሪ ሕንፃ ስትወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሱሀይልን አየችው። እሱም አያት። ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። እጁን ለሰላምታ እንኳ አላነሳም። ተመልሶ ተቀመጠ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ፤ ሱሀይል አልተሳፈረም፣ መንገዱንም አልተሻገረም። ዓይኑ ግን ከእሷ አልተነቀለም።

ሃጀር ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስልኳን አውጥታ ብሎኩን አነሳች። ከመንገዱ ወዲህ ሆና፣ እያየችው፣ ጻፈችለት፦

«አሁንም ተናድጃለሁ። ሽማግሌ ላክ።»