መርዶ ያልገባበት ቤት

የምጽፍላችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ መብታችሁ ነው፤ ለመከራከር አቅሙም ስሜቱም የለኝም።

የታንክስጊቪንግ በዓል ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማችን።

ጸጋአብ እባላለሁ። የካናዳ ጦር ቻፕሊን ለመሆን ኮርስ ላይ ነበርኩ። ከወታደሮች ጋር የሚጸልይ፣ ወታደር ሲሞት ደግሞ ሄዶ ቤተሰቡን የሚያረዳ አገልጋይ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ በሎንግ ዊኬንዱ ቱርኪውን ይበላል፣ እኔ ስለ ማርዳት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ተደፍቻለሁ። ስልኬን እንኳ አጥፍቼ! አንጀቴ አሯል። ማክሰኞ ፈተና አለኝ። ባለፈው ወድቄያለሁ፤ አሁን ከደገምኩት መሰናበቴ ነው።

ለምን እንደወደቅኩ ታውቃላችሁ?

«ሞተ» ማለት አቅቶኝ።

አስተማሪያችን የሟች እናት ሆና በር ላይ ትቆማለች። እኔ «ልጅዎን ትንሽ አሞት ነበር...» ብዬ እጀምራለሁ።

«ስቶፕ!» ትላለች። «እናትየዋ ተስፋ አደረገች እኮ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገራት!»

መጽሐፉም ያንኑ ነው የሚለው። አታለባብስ፣ አትዘግይ፣ ቃሉን ጥራው። እኛ ደግሞ መርዶ ይዘን የምናድር፣ ሽማግሌ የምንሰበስብ፣ ጎህ ሲቀድ በር የምናንኳኳ ሰዎች ነን። ይህን ለማን ላስረዳ?

መጽሐፉን ወርውሬ ቀና ስል... ሆሣዕና ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

ሚስቴ ናት። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፤ ሁልጊዜ የምትገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው።

«መቼ ገባሽ? የቁልፍ ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።»

«አሁን» አለች በሹክሹክታ።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ጃኬቷ ደረቅ ነው።

ጫማዋንም አላወለቀችም... ሆሣዕና! በጫማ ምንጣፍ ረገጥክ ብላ ስንቴ አበሳዬን ያሳየችኝ ሴት!

«ቀደም ብለው ለቀቁሽ?»

«ደክሞኛል። አንተ ተለማመድ፣ እሰማሃለሁ።»

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«እመቤት፣ ከባድ ዜና ይዤ መጥቻለሁ። ባለቤትዎ...»

ብድግ አለች። «ተው! ያንን ቃል እዚህ ቤት እንዳትጠራው።»

«አንቺም? ኧረ ሆሲ፣ ፈተናው ነገ እኮ ነው!»

በሩ ተንኳኳ... በቀስታ።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ፓስተር ካሳዬ ናቸው። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ። ከሁሉም ኋላ የሆሣዕና ታናሽ እህት አክሱማዊት ቆማለች፤ እህትማማቾቹ አብረው ነው የሚሠሩት። ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ በጫፉ አፏን አፍናለች።

ይህን አመጣጥ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አገር ቤት ያለችው እናቴ መጣችብኝ።

«ፓስተር... እናቴ ናት?» አልኩ በሩን ሳልከፍት።

«አይ፣ እናትህ ደህና ናቸው። እስቲ ክፈትና እንጸልይ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሆሣዕና... ማታ ሥራ ላይ ትንሽ አሟት ነበር።»

ዞር አልኩ። ሆሣዕና አጠገቤ ቆማለች። ስትራመድ አልሰማኋትም።

«ትንሽ» ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ደሜ ፈላ። «በግልጽ ንገሩኝ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት መዳፏን ከንፈሬ ላይ ጫነችው። በረዶ ነው።

«እንዳትጠይቃቸው» አለች። «እስካልነገሩህ ድረስ አለሁ።»

ውጭ ፓስተሩ ስሜን ጠሩ።

«እሺ ፓስተር» አልኩ። «አሟታል። ገባኝ። አሁን ሂዱልኝ።»

አክሱማዊት ኮሪደሩ ላይ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጆሮዬን ደፈንኩ።

ፈተናው ቀረ፣ ኮርሱም ቀረ። ስልክ አላነሳም፤ በር ሲንኳኳ መዝሙር ጮክ አድርጌ እከፍታለሁ። አብዷል ይበሉኝ! ሚስቴ ቤቷ ውስጥ ናት፤ ሌላውን አልፈልግም።

የገባችሁ ገብቷችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ... ከዚህ ጽሑፍ ሥር «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «ነፍስ ይማር»ም አትበሉ። በእናታችሁ! መርዶ እንዲሆን አንድ ሰው ከጻፈው ይበቃል።

ፖስት ካደረግኩት በኋላ የጨመርኩት፦

የመጀመሪያው ኮመንት ገብቷል። ምን እንደሚል ገና አላነበብኩም፤ ሆሣዕና ስክሪኑን በመዳፏ ሸፍናዋለች።

ግን ፊደሎቹ... በእጇ ውስጥ አልፈው መታየት ጀምረዋል።