ያልደፈረሰው ውኃ

ሠዓሊ ሙሉቀን የተገኘው በአሞራ ገደል ፏፏቴ ሥር፣ በሾላ ሥሮች መካከል ተሰንቅሮ፣ ግንባሩ እንደ ግንድ ተፈልጦ ነበር። መጥረቢያው ከእግሩ አጠገብ ጭቃ ለብሶ ተጋድሟል። የማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገም፤ እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ የእንኮይ በር መንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የገበሬው የጌጡ ነው። ሬሳውን አግኝቶ እሪ ያለውም ራሱ ጌጡ ነበር። እሪታውን ሰምቶ የመጣው ሰው ግን መጥረቢያውን አየና ፊቱን አዞረበት።

የሟች ታላቅ ወንድም ዘውዱ መርዶው በደረሰው ሰዓት ጠመንጃውን አንሥቶ መጣ። ጌጡን ቤቱ ሲያጣው በረት ገብቶ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች በጥይት ጣላቸው። ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው እግሩ ላይ ቢወድቁ ቀብሩ እስኪደርስ ብቻ ሊታገሥ ማለላቸው።

«ከቀብር በኋላ ግን ማንም አያቆመኝ። ጌጡን ብታስሩት ልጁ አለ» አለ።

ዘውዱ የተናገረውን የሚያስቀር ሰው አይደለም፤ ይህንንም አገር ያውቃል። ቀብሩ ደግሞ የሩቅ ዘመድ እስኪደርስ ቢዘገይም ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው።

ኢንስፔክተር ሠናይት ከደብረ ታቦር በማግስቱ ጠዋት ደረሰች። አጭር ናት፣ ትዕግሥት የላትም፣ ያላመነችበትን ነገር ስትሰማ አፍንጫዋን ታሻለች። እናቷ አንበሳሜ ገበያ ላይ ማር ትሸጥ ነበርና፣ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ገና ሳትቀምሰው የምታውቅ ልጅ ሆና ነው ያደገችው። «ሴት ልጅ ለደም ነገር ተላከችልን» ብለው ያሾፉ ነበሩ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች አለፈቻቸው።

ሟቹ ይሥለው የነበረው የፏፏቴው ሥዕል ከፏፏቴው ፊት ለፊት፣ ከፍ ካለው አለት ላይ፣ በሦስት እግር ማቆሚያው እንደ ቆመ ነበር። ኮንስታብል ይሻው ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር። ገደሉ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይ የሚያየው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ሥዕሉ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ውኃው ላይ አርፏል። ስለዚህ ሰውየው ከሰዓት በኋላም በሕይወት ነበር። ያን ጊዜ ብቻውን ወደዚህ የወረደው ጌጡ ነው።»

«ጥሩ አየህ። ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ሠናይት አፍንጫዋን አሸች። ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ወርዳ፣ ሟቹ ተመትቶ ወድቆበታል ከተባለው፣ ከሾላው አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ ተንበረከከች። አለቱ ስስ፣ ቡናማ ጭቃ ለብሶ ደርቋል። ጭቃውን በጥፍሯ ስትልጠው ከሥሩ፣ በድንጋዩ ስንጥቆች ውስጥ፣ የጠቆረ ደም ወጣ። አንድ ቦታ ልጣ ሌላ ቦታ ላጠች፤ በሁሉም ደሙ ከታች፣ ጭቃው ከላይ ነበር። ለይሻው አሳየችው እንጂ ምንም አልነገረችውም።

ጌጡን ያገኘችው በረቱ ደጃፍ ነው። በሬዎቹ ገና አልተነሡም፤ ዝንብ ወርሯቸዋል። ጌጡ ጀርባውን ለበሬዎቹ ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ልጁን ከጎኑ አያርቅም።

«አያ ጌጡ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ተጣልተናል እንጂ። ሥዕሎቹን ያየ ሁሉ ፏፏቴውን አሳዩኝ እያለ ገብሴን ረግጦ ፈጀው። እግርህን እሰብረዋለሁ ብየዋለሁ። እግር ነው ያልሁት፤ ራስ አላልሁም።»

«መጥረቢያውስ?»

«በዋዜማው ፏፏቴው ዳር ስፈልጠው ከነበረው ግንድ ላይ ሰክቼ ትቼው ሄድሁ። የፍልሰታ ጦም ነው፣ እመቤቴ፤ ከማለዳ ጀምሮ አገሩ በሙሉ ቤተ ስኪያን ነበር። ቅዳሴው የወጣ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ገደማ ውኃው ሲጮህ እዚያው ሆነን ሰማነ። እላይ ጉና ተራራ ላይ ጥሎ ኖሯል፤ እኛ ዘንድ ጠብ አላለም። ስወጣ ማሳየን ጎርፍ ወስዶት እንደሁ ልይ ብዬ ወረድሁ፤ ሰውየው ተጋድሟል።»

«ያን ጊዜ ውኃው ምን ይመስል ነበር?»

ጌጡ ጥያቄው የልጅ ጥያቄ መሰለው።

«የጠላ አተላ ነዋ። እስኪመሽ አልጠራም።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መሪጌታ ሀብተማርያም ነበሩ። ሙሉቀንን ቀለም መበጥበጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የማርያም ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕል ሳይጨርስ ጥሎ ወደ ወንዝና ፏፏቴ ሲኮበልል ሰው ፊት አውግዘውታል።

«መሪጌታ፣ አምርረው ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«ተቀይሜዋለሁ። ቅዱሳንን መሣል ትቶ ድንጋይና ውኃ ሲከተል ምን ልበለው? የዚያን ዕለት ቅዳሴ ላይ ነበርሁ፣ ሕዝቡን ጠይቂ። ከቅዳሴ በኋላ ግን ብቻዬን ነበርሁ፤ እሱን አልደብቅሽም። ሙሉቀን ውሸት ግን አይሥልም ነበር። ውኃውን መጨረሻ ነው የሚነካው። ብርሃኑ መጥቶ በዐይኑ እስኪያየው ድረስ የውኃውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። የደፈረሰ ከሆነ አደፍርሶ ነው የሚሥለው። አንተ ልጅ ትንሽ አጥራው፣ ማን ይገዛሃል ብለው አልሰማኝም።»

ይህን ሲናገሩ ዐይናቸው ዕንባ አቀረረ፤ ሠናይትም አየችው።

ደብረ ታቦር፣ ከሟቹ ቤት፣ ለቅሶኛው ግቢውን ሞልቶታል። የሙሉቀን ሚስት ቃልኪዳን የተቀመጠችበት ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ፏፏቴና ወንዝ ነው፤ አብዛኛው የክረምት ውኃ፣ አፈር የመሰለ። ለቅሶኛውን የሚያስተናግደው የሟቹ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሄኖክ ነበር። እሱም ሠዓሊ ነው፤ ግን ወንዝ አይወርድም፣ ቤቱ ተቀምጦ ከፎቶግራፍና ከሰው ሥዕል እያየ ነው የሚሠራው።

«ሙሉቀን በተገደለበት ቀን የት ነበርህ?» አለችው።

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የዕድር ስብሰባ ላይ። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርልኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤቴ፣ ሥራዬ ላይ። ግን የሞተው ከሰዓት በኋላ አይደለም እንዴ?»

«እንደዚያ ይላሉ» አለች ሠናይት።

ሄኖክ ውኃ ሊያመጣ ሲወጣ ቃልኪዳን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንዲህ ሲታዘዝ ሳየው ያሳዝነኛል። ሙሉቀን አስቀይሞት ነበር። ባለፈው ባሕር ዳር፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ የሄኖክን ሥዕል አይቶ ‹ይህ ውኃ አይፈስም› አለው። ሰዎቹ ሳቁበት። ሄኖክ ግን አንድ ቃል አልመለሰም።»

በቀብሩ ዕለት ጠዋት፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ፣ ሠናይት ሁሉንም አሞራ ገደል ሰበሰበቻቸው። ጌጡ ከልጁ ጋር፣ መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው፣ ቃልኪዳን በጥቁር ልብስ፣ ሄኖክ ከጎኗ ደግፏት። ዘውዱ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከጌጡ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ይሻው ጠመንጃውን ሊቀበለው ሞክሮ ነበር፤ የአገር ሽማግሌዎች መሐላውን አክብርለት ብለው ከለከሉት። ፏፏቴው ጠርቶ ይወርዳል።

ሠናይት በሥዕሉ ጎን ቆመች።

«ዘውዱ፣ ጌጡን የጠረጠርኸው በመጥረቢያው ነው፤ ጥርጣሬውን ያጸናው ግን ይህ ሥዕል ነው። ፀሐይ ስላለበት ወንድምህ ከሰዓት በኋላም ይሥል ነበር ተብሏል። አያ ጌጡ፣ ይህን ሥዕል ይመልከቱልኝ። ከቅዳሴ ወጥተው ያዩት ውኃ ይህ ነው?»

«ይህማ ወተት ነው። የዚያን ዕለት አተላ ነበር አላልሁሽም?»

«መሪጌታ፣ እርስዎስ?»

መሪጌታ ቀርበው አዩት። «የሙሉቀን እጅ አለበት፤ አለቱ፣ ዛፉ የሱ ነው። ውኃው ግን ያልታየ ውኃ ነው።»

«እውነት ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ገደሉን ሳትነካ፣ ውኃው ደፈረሰ። ያን ዕለት ነጭ ውኃና ፀሐይ እዚህ አብረው አልታዩም። ያላየውን የማይሥል ሰው እንዴት ሣለው? አልሣለውም። አለቱን እዩ፤ ደሙ ከጎርፉ ጭቃ ሥር ነው። ሙሉቀን ጎርፉ ሲመጣ ሞቶ ነበር። ጎርፉ ሲመጣ ደግሞ አያ ጌጡና መሪጌታ ቅዳሴ ላይ፣ በሕዝብ መካከል ነበሩ።»

የዘውዱ እጅ ጠመንጃው ላይ ላላ። ጌጡ ልጁን ወደ ራሱ ሳበው።

«ገዳዩ ጠዋት መጣ። ሙሉቀን የውኃውን ቦታ ባዶ ትቶ ብርሃን ይጠብቅ ነበር። ተጣሉ፤ ከግንዱ ላይ መጥረቢያ ተነሣ። ከዚያ ያ ሰው በሬሳው ፊት ቆሞ ባዶውን ሞላው፤ የከሰዓቱን ፀሐይ በቃሉ ያውቀዋል፣ ከሙሉቀን ሥዕሎች ስንቴ ገልብጦታል። ይህን አድርጎ ከሰባት ሰዓት በፊት ሰው መሀል ገባ። ጉና ላይ የሚጥለውን ዝናብ ግን ከየት ይወቀው? ወንዝ ወርዶ ቢሠራ ኖሮ ክረምት ማለት ምን እንደሆነ አይረሳም ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ሄኖክ ዞረ። ቃልኪዳን ክንዷን ከእጁ አላቀቀች።

«ይህ ግምት ነው» አለ ሄኖክ። «በግምት ሰው አይታሰርም።»

ልክ ነበር፤ ሠናይትም ይህን ታውቃለች። ወደ ሥዕሉ ዞረችና ብዙ አየችው፤ ከዚያ አፍንጫዋን አሸች።

«ለነገሩ ገዳዩ ይህን ያህል መልፋት አልነበረበትም። ማንም ቢያየው የሙሉቀን እንዳልሆነ ያውቃል። ይህ ውኃ አይፈስም።»

የሄኖክ ፊት ደም መሰለ።

«ይፈሳል።»

«አይፈስም።»

«ይፈሳል! እጄ ሳይቆም፣ አንድ ጊዜ እንኳን ሳላርም የሠራሁት ነው። እሱ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ውኃ አልሣለም። እዚሁ ቆሞ ያንኑ ቃል ደገመልኝ፣ እየሳቀ። አሁን ይሳቅ!»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ጊዜው አልፎ ነበር። የቀለሙን ቢላዋ ከሥዕሉ ሥር ከነበረው የቀለም ሣጥን ላይ ነጥቆ ወደ ሠናይት ተወረወረ። ክንዷን ሸረከታት፤ ይሻው በትከሻው ገጭቶ አለቱ ላይ ጣለው፣ የሄኖክ ጥርስ ረገፈ። ከኋላቸው ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ።

ዘውዱ ቆሟል። ሠናይት ደሟ እየፈሰሰ አፈሙዙ ፊት ገባች።

«ዞር በይ። አሁን ገዳዩን አውቄዋለሁ።»

«በረቱ ውስጥ ስትተኩስም አውቄዋለሁ ብለህ ነበር።»

ዘውዱ ወደ ጌጡና ወደ ልጁ አየ። አፈሙዙ ቀስ እያለ ወረደ። ጠመንጃውን ለሽማግሌዎቹ ሰጥቶ ወደ ውኃው ሄደ፤ ከዳሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነቅሎ፣ ከነጭቃው ማጅራቱ ላይ ጫነ። አጎንብሶ፣ እየተንገዳገደ መጥቶ ጌጡ እግር ሥር ተንበረከከ።

ከድንጋዩ የሚወርደው ጭቃ በዘውዱ አንገት ገብቶ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ማንም ይቅር በለው አላለም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰው አይለውም።

«በሬዎቼ ስም ነበራቸው» አለ ጌጡ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለ ዘውዱ ከድንጋዩ ሥር።

ጌጡ የልጁን እጅ ለቀቀ። ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ መሬት አስቀመጠው።

«ተነሥ» አለው። «ወንድምህ እንዳይቆይ፤ ሄደን እንቅበረው።»