አሜን የሚጠብቀው በሬ

በሬው የለም።

እማማ ቦሼ ሐሙስ ጠዋት የተቀቀለ ቦዬ፣ የጓሮ ሥራ ሥር፣ በቅርጫት ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን የበሬውን ቤት ሲከፍቱ ያገኙት የተፈታ ገመድና ገና ያልደረቀ እበት ብቻ ነበር። “ጦሶ! ጦሶ!” እያሉ በወላይትኛ አምላካቸውን ተጣሩ። ጩኸታቸው በሶዶ ከተማ በኦቶና መንገድ የሚያልፉትን ባጃጆች ሁሉ አስቆመ።

የጠፋው ተራ በሬ አይደለም። ስሙ አሥራት ነው። መላ አካሉ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ብቻ ነጭ ያለው ቦቃ። ባለፈው ዓመት አቶ ደግፌ የሚባል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ በከተማው የታወቀ የሥጋ ቤት ባለቤት፣ በጉባኤው ፊት ቆሞ “ለጌታ ሰጥቻለሁ” ብሎ ያስረከበው ነው። ምእመናኑ እንባቸውን እየጠረጉ አጨበጨቡለት።

ከዚያ ወዲህ አሥራት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ለብቻው በተሠራለት ቤት፣ በወላይታ ወግ ከሰው እጅ እየጎረሰ ደለበ። ምእመናን ከየጓሯቸው ቦዬ፣ ስኳር ድንችና በቆሎ አመጡለት። ለመስቀል ገበያ ተሸጦ የሚያፈሰውን ጣሪያ ያስለውጣል ስለተባለ ቆርቆሮው ሳይቀር ታዟል።

አንድ ጠባይ ነበረው። እማማ ቦሼ ሳይጸልዩ አጉርሰውት አያውቁም። እሱም ለመደ። ምግቡ አፍንጫው ሥር ቢቀመጥ እንኳ “አሜን” የሚል ድምፅ ካልሰማ አፉን አይከፍትም። የሰፈሩ ልጆች ይህን ለማየት ይሰለፉ ነበር። መጋቢ ፀጋአብ ደግሞ፣ በሬው ከአንዳንድ ምእመናን ይልቅ ጸሎት ያከብራል ብለው ከመድረክ ላይ ጠቅሰውታል።

ኢንስፔክተር ሶፍያ በባጃጅ ደረሰች። ከስልጤ ተነስታ ሶዶ የተመደበች፣ ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ብዙ የማትናገር መርማሪ ናት። የነፍስ ግድያ መርምራለች። ጸሎተኛ በሬ ግን ገና ነው።

“ገመዱ ተቆርጧል?”

“ተፈታ እንጂ አልተቆረጠም” አሉ እማማ ቦሼ።

“የማያውቀውን ሰው ይከተላል?”

“ቦዬ የያዘውን ሁሉ ይከተላል፣ ልጄ። በሆዱ ነው ሰው የሚያውቀው።”

አቶ ደግፌ ሕዝቡን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። መጀመሪያ ሌባው እንዲገለጥ እንጸልይ አለ። ጸለየም። ስለ ከተማው ጸለየ፣ ስለ ዝናቡ ጸለየ፣ ስለ ፖሊስ ሠራዊት ጸለየ። ሶፍያ በአክብሮት ቆማ ስትጠብቅ እግሯ ደነዘዘ። ሲጨርስ እጁን ወደ ጎረቤቱ አጥር ዘረጋ።

“ኢንስፔክተር፣ ሩቅ አትድከሚ። ሌባው ከዚያ ወዲያ ነው።”

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ኤርካሎ ነው። የንግድ ፈቃድ አውጥቶ በሬ የሚያደልብ፣ ግብሩን በጊዜው የሚከፍል፣ ይህንንም ለሰው ሁሉ የሚናገር። “እኔም አደልባለሁ፣ እነሱም ያደልባሉ” ይል ነበር ሻይ ቤት በተቀመጠ ቁጥር። “እኔ ግብር እከፍላለሁ፣ እነሱ አሜን ይላሉ። ገበያ ላይ ግን ጎን ለጎን ቆመን ልንሸጥ ነው!” ይህን ያልሰማ የሶዶ ሰው ካለ እንግዳ ነው።

ይባስ ብሎ በዚያ ጠዋት በኤርካሎ በረት ውስጥ አንድ ጥቁር ቦቃ ቆሞ ነበር።

“ይኸው!” አለ ሕዝቡ።

“ይሄ የኔ ነው! ከወይፈን ጀምሮ ያሳደግኩት!” ኤርካሎ ከሰው ሰው ተንከራተተ። የሚሰማው አላገኘም።

ያን ጊዜ አቶ ደግፌ ጉሮሮውን ጠረገ። የኤርካሎ ልጅ ምሕረት እሑድ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ልትሞሸር ቀኑ ተቆርጧል። “ነገሩ እስኪጣራ ሠርጉ ቢቆይ ይሻላል” አለ። “የሌባ ልጅ በተሰረቀ ጣሪያ ሥር አትዳርም።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ራሳቸውንም ነቀነቁ። ምሕረት በራፉ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ኤርካሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። “እኔን ሌባ በሉኝ፣ እችለዋለሁ። የልጄን ቀን ግን አትንኩብኝ።”

ሶፍያ ወደ በረቱ ገባች። ከእማማ ቦሼ ቅርጫት አንድ ቦዬ አንስታ በኤርካሎ በሬ ፊት አስቀመጠች።

ገና እጇን ሳትመልስ ቦዬው የለም። በሬው ጣቷን ጭምር ሊልስ ፈለገ።

“የኔ በሬ ግብር ከፋይ ነው” አለ ኤርካሎ ዓይኑን እየጠረገ። “አሜን አይጠብቅም።”

ሕዝቡ ሳይወድ ሳቀ። አቶ ደግፌ አልሳቀም።

“እንግዲያው አሥራትን ሸጦታል። ይሄኔ አረካ ከተማ ደርሷል። ወይም ቢጠና ከተማ ሊሆን ይችላል።”

ሶፍያ ስልኳን አውጥታ በሁለቱም ከተሞች ያሉ ባልደረቦቿን ጠየቀች። የመጣ ቦቃ የለም።

እማማ ቦሼ በለቅሶ መሐል ፈገግ አሉ። “አሥራት አረካ? ከቤቱ እስከ ደጁ ሲሄድ እንኳ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። አስፋልቱን አይሻገርም፣ ልጄ።”

“በመኪና ቢጫንስ?”

“ሲጭኑት ሰፈሩ በሙሉ ይነቃ ነበር።”

ስለዚህ በሬው ቅርብ ነው። ሶፍያ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሕዝቡ ግን ሌላ ተጠርጣሪ አገኘ። “ግብር ሰብሳቢው ነው የወሰደው! ባለፈው ሰሞን መጥቶ ስለ በሬው ሲጠይቅ ነበር!” ሶፍያም ወደ ገቢዎች ቢሮ ሄደች። አድነው ከደብረ ማርቆስ የመጣ ወጣት ሠራተኛ ነው። በሬ ሰርቀሃል ተብለሃል ስትለው እስኪያስለው ሳቀ።

“እኔ? እኔ የምጎትተው ሰው ነው፣ እሱንም በስልክ።”

“ታዲያ ስለ በሬው ምን አገባህ?”

“መባ ከሆነ አያገባኝም። አንድ ሰው ለአምላኩ የሰጠውን ግብር አንጠይቅም። በየዓመቱ እያደለቡ ገበያ የሚያወጡ ከሆነ ግን ንግድ ነው። ሻጩ መጋቢም ይሁን ነጋዴ ለኔ አንድ ነው። እሱን ላጣራ ብዬ ነበር የሄድኩት።”

“ማን ነገረህ?”

አድነው ግንባሩን አከከ። “ባለፈው ዓመት አንድ ሰው እዚህ መጥቶ ‘በቤተ ክርስቲያን ስም የተሸጠ በሬ ላይ ግብር አለ?’ ብሎ ጠየቀኝ። መባ ከሆነ የለም አልኩት። ፊቱ በራ። ሰሞኑን ይሄ ጥያቄው ትዝ ብሎኝ ነው።”

“ስሙስ?”

“አልያዝኩትም። ግን ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ለቢሮው ልጸልይ አለኝ። መሐሉ ላይ ሻዬ ቀዘቀዘ።”

ሶፍያ ከወንበሯ ተነሳች። የደነዘዘው እግሯ ትዝ አላት።

“ነገ ጠዋት አብረኸኝ ትመጣለህ” አለችው።

ዓርብ ጠዋት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ወደማይርቀው የአቶ ደግፌ ጓሮ ገባች። አድነውና መጋቢ ፀጋአብ አብረዋት ናቸው። የሰፈሩ ሰው እማማ ቦሼን ጨምሮ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ኤርካሎና ምሕረትም ከሰው ኋላ ቆሙ። በጓሮው ለመስቀል የሚታረዱ በሬዎች ታስረዋል። ጥጉ ላይ፣ ጨለም ባለው ዳስ ውስጥ፣ ምንም ነጭ የሌለበት ጥቁር በሬ አለ። ውፍረቱ ግን ያስታውቃል።

ሶፍያ ቅርጫቱን አቀረበችለት። በሬው ቦዬውን አየ። ሶፍያንም አየ። ምራቁ እየተዝረበረበ ቆመ።

“ምነው? ጾመኛ ነው?” አለች።

“ቅድም በልቷል” አለ አቶ ደግፌ።

“ያመመው ይመስላል። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ እስቲ ይጸልዩለት።”

አቶ ደግፌ ዙሪያውን አየ። አጥሩ ሙሉ ሰው ነው። መጋቢውም ቆመዋል። በሶዶ ከተማ ለጸሎት ተጠይቆ እምቢ ያለ ሽማግሌ ተሰምቶ አይታወቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

ስለ በሬው ጤና ጸለየ። ስለ ሌሎቹ በሬዎች ጸለየ። ስለ ዳሞታ ተራራ ጸለየ። ስለ ባሕር ማዶ ሕዝቦች ጸለየ። ወደ ማብቂያው በደረሰ ቁጥር ደንገጥ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ላቡ ወረደ። ድምፁ ሻከረ። በሬው ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። አድነው አንድ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

በመጨረሻ አቶ ደግፌ ሳል ያዘው። ለአፍታ ዝም አለ።

አጥሩ ላይ ያለው ሰው በልማዱ ጸሎቱ ያበቃ መሰለው።

“አሜን!”

በሬው አፉን ቅርጫቱ ውስጥ ቀበረ።

እማማ ቦሼ አጥሩን እንዴት እንደዘለሉት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ነጠላቸውን በውኃ ነክረው የበሬውን ግንባር ፈተጉት። የተቀባው ጥላሸት ለቀቀ። ነጩ ቦቃ ብቅ አለ።

“አሥራቴ!” አሉና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። አሥራት ማኘኩን አላቋረጠም።

ሶፍያ ወደ አቶ ደግፌ ዞረች። “የማን በሬ ነው?”

“የኔ! በገንዘቤ የገዛሁት!”

አድነው ከድንጋዩ ተነሳ። “እንግዲያው የንግድ በሬ ነው። ግብሩን ለመክፈል ቢሮ ይምጡ።”

“ቆይ... የቤተ ክርስቲያን ነው! ሰጥቻለሁ፣ ሁሉም ሰምቷል!”

ሶፍያ ካቴናዋን አወጣች። “እንግዲያው ሰርቀውታል።”

አቶ ደግፌ አንዴ ካቴናውን፣ አንዴ አድነውን አየ።

“ትንሽ ልጸልይበት?” አለ።

“አይሆንም!” አለ አጥሩ ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ጣቢያ ሲደርስ ሁሉንም ተናገረ። በሬውን ሲሰጥ ለመስጠት አልነበረም። ምእመናን በነጻ ይመግቡታል፣ በቤተ ክርስቲያን ስም ያለ ግብር ይሸጣል፣ ከዚያ “ወጪዬ” ብሎ የሽያጩን አብዛኛውን ወስዶ ትንሽ ለጣሪያው ሊተው ነበር። ቆርቆሮው መታዘዙን ሲሰማ ግን ገንዘቡ ሁሉ ለጣሪያው ሊውል መሆኑ ጨነቀውና በሌሊት ፈትቶ ወሰደው።

“ወጪህን እንደምትፈልግ ለምን አልነገርካቸውም?” አለችው ሶፍያ። አሁን አንተ ብላዋለች።

“ያን ያህል ካጨበጨቡልኝ በኋላ? አቃተኝ።”

“ኤርካሎንስ ለምን ወነጀልከው?”

አንገቱን ደፋ። “ስለ ግብር ሲናገር ሁልጊዜ ስለ እኔ የሚናገር ይመስለኝ ነበር።”

በሬው የቤተ ክርስቲያኑ መሆኑን ፈረመ። ሽምግልናውን ተነጠቀ። የስርቆቱ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ፣ የሥጋ ቤቱ ግብር ለአድነው ተላለፈ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ኤርካሎ ቤት ሄዱ። ጫማቸውን እያዩ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሠርጉም በቀኑ ይሁን አሉ። መጋቢ ፀጋአብም “ይሄ በሬ መባ ነው፣ ለጣሪያው ይሸጣል” አሉ። “ከዚህ በኋላ በየዓመቱ የምናደልብ ከሆነ ግን እንደ አንተ ግብር እንከፍላለን። ልክ ነበርክ።”

ኤርካሎ ወንበር አቀረበላቸው። ከዚያ “አንድ ነገር አስቸግራለሁ” አለ። “የነገው ጸሎት አጭር ይሁን።”

እሑድ ምሕረት ተሞሸረች። አድነውና ሶፍያ የክብር እንግዶች ሆነው ፊት ተቀመጡ። መጋቢው ቃላቸውን ጠብቀው ምርቃቱን በአጭሩ ጨረሱ።

“አሜን!” አለ ጉባኤው።

ከጓሮ አንድ ከባድ ድምፅ እምቧ አለ። አሥራት አሜኑን ሰምቷል፣ ምግቡ ግን አልመጣም።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ቦሼ ከመዘምራኑ መሐል ሊወጡ ሲታገሉ ኤርካሎ ቀደማቸው። በአዲሱ ሱፉ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ብቻውን ወደ በሬው ቤት ሄደ። በሬው እንዳይሰረቅ ብሎ ማንም ተከትሎት አልወጣም።