የአንድ ክንድ ስፌት

ንጉሡ በነገሡ በስድስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው መጠንከር በጀመረበት ወራት፣ የቤተ መንግሥቱ የድንኳን ሰፊዎች አለቃ በሆዳቸው ነቀርሳ ወጥቶባቸው ከከተማው ዳር ባለው የድውያን ቤት ተኙ፤ ልጃቸው ግን ውሃ በማንኪያ እያጠጣቻቸው እንኳ ቂሟን አልረሳችም ነበር።

ቂሙ የሃያ ስድስት ዓመት ነው። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ አባቷ የሰፋችውን አንድ ክንድ የድንኳን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርትረው «ይሄ ዝናብ ያስገባል» አሏት። በሙያው ደንብ የሌላውን ስፌት የሚተረትር አለቃ ብቻ ነው፤ የተተረተረበትም አፉን ይዞ ደግሞ ይሰፋል። እሷም አፏን ይዛ ሰፋች፤ ዳሩ ግን ስፌቷ ጠብታ እንደማያሳልፍ ያኔም ታውቅ ነበር፣ ዛሬም ታውቃለች። የሥራ ቤቱ ሰዎች ድርቄ ያሏት በከንቱ አይደለም።

ሐኪሙ ወደ ደጅ ጠርቶ፣ «እዚህ ያስተኛናቸው ልናድናቸው አይደለም፤ እንዳይሠቃዩ ብለን ነው» አላት።

«እሱን እኔም አላጣሁትም» አለችው።

የመስኮቱ ፀሐይ ዓይናቸውን ስለወጋቸው፣ ከሥራ ቤት የተረፈ ሸራ አምጥታ በአልጋቸው ላይ ትንሽ ድንኳን ተከለችላቸው። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ በሸራው አልፎ እንደ ወተት ይፈስባቸው ጀመር፤ ማስታገሻው ራሳቸውን ሲያቀለው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከቦታ ቦታ የተከተሉት የንጉሥ ሠፈር በዙሪያቸው የሰፈረ ይመስላቸዋል፤ የበቅሎ ኮቴ ይሰማሉ፤ አልጋቸውም በሣር ባሕር ላይ በቀስታ ይሄዳል።

«ሠፈሩ ተነሣ?» ይላሉ።

«ገና ነው፣ አባዬ።»

በሦስተኛው ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ በራስጌያቸው ያለውን ስፌት አንድ ክንድ ያህል በጥፍራቸው ተርትረውት አገኘች። ደሟ ፈላ።

«ምን አደረጉ?»

«ዝናብ ያስገባል።»

«እዚህ ቤት ጣራ አለ!»

«ጣራውንስ ማን ሰፋው?»

አጠገባቸው የነበረች አሮጊት አስታማሚ ሳቋ መጥቶ የያዘችውን ሳህን ልትለቅ ምንም አልቀራት። ድርቄ ግን ጥርሷን ነክሳ፣ አጥብቃ መልሳ ሰፋችው፤ በማግስቱም ተርትረው ጠበቋት። ያን ጊዜ አስታማሚዋ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ አትቆጪ፤ እጃቸው ክር ላይ ሲውል ማቃሰት ይረሳሉ» አለቻት። ድርቄም ሙሉ ቀን ቁጭ ብላ አየች፤ እውነት ነበር።

በዚያው ሳምንት ከቤተ መንግሥት መልእክተኛ መጣ። ንጉሡ ከጎረቤት አገር ንጉሥ ጋር በድንበሩ ወንዝ ዳር ሊታረቁ ነውና ሁለት አዳራሽ ያለው ድንኳን ታዝዟል፤ «እመቤት፣ በአባትዎ ማዕረግ እርስዎ ይሾማሉ፤ ሴት በዚህ ወንበር ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነዎት። ነገ ካልተነሡ ግን ለሌላ ይሰጣል» አላት መልእክተኛው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ወንበር ነው። ዞር ብላ አባቷን አየች፤ ጣታቸው ክሩን እየፈለገ ነበር።

«ለጌቶች ይንገሩልኝ፤ የጀመርኩት ስፌት አለ።»

«ስንት ይሆናል?»

«አንድ ክንድ።»

«ይህን ብዬ በንጉሥ ፊት ልቁም?»

«እውነት ነው፤ ምን ያስፈራዎታል?»

ጠዋት ትሰፋለች፤ እሳቸው ሲተረትሩ ይውላሉ። ጣታቸው እየደከመ ሲሄድ ጥፍራቸው ክሩን ይስተው ጀመር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ላላ ያለች ስፌት ከእጇ ያልወጣች ሴት፣ ያን ጊዜ ክሩን ረገብ፣ ስፌቱን ራቅ ራቅ አደረገችው፤ በየጠዋቱም ይበልጥ አላላችው።

በአርባ አንደኛው ቀን «ሠፈሩ ተነሣ?» አሏት።

«ተነሥቷል፣ አባዬ። እርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

ክሩ በሌባ ጣታቸው እንደተጠመጠመ ዐረፉ።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የዕርቁን ድንኳን ርዝመት፣ የምሰሶውን ብዛት፣ የአለቃውንም ስም አሳምሮ ጽፏል፤ ስሙ የሌላ ሰው ነው። በድውያኑ ቤት አንድ ክንድ ሸራ አርባ ጊዜ ያህል ተሰፍቶ እንደተተረተረ፣ በመጨረሻም አባትየው እንዳሉት ዝናብ እንዲያስገባ ሆኖ እንደተሰፋ ግን የጻፈው የለም።