የኋላው ስፒከር

እኔ የማምነው ሽቦ ነው። ኮረንቲ ካለ ድምፅ አለ፣ ኮረንቲ ከሌለ ድምፅ የለም፣ አለቀ። ጅግጅጋ ውስጥ መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር ስገጥም አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ በነዚህ ዓመታት «መኪናዬ ውስጥ የሆነ ነገር ያወራል» ብሎ የመጣብኝ ደንበኛ ሞልቷል፣ ፈትቼ ሳየው ያገኘሁት ወይ የላላ ገመድ ነው ወይ አይጥ የበላው ሽቦ ነው። ጂን ነው፣ መንፈስ ነው የሚሉኝን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር፣ የራሳቸውን ቸልተኝነት በጂን የሚያሳብቡ ይመስለኛል። አሁንም ስለ ጂን የማውቀው ነገር የለኝም፣ የምነግራችሁ በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው፣ ሌሊት የሆነም እንዳይመስላችሁ፣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው የሆነው።

ደረጀ የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ። ዶልፊን የምንላት ሚኒባስ አለችው፣ ከጅግጅጋ ድንበሩ ላይ እስካለችው ቶጎጫሌ ሰው ያመላልስባታል። እናታችን ያን ጊዜ ከጅግጅጋ ወጣ ብላ ባለችው ሸደር ነበረች፣ እዚያ አስተማሪ የሆነችው እህታችን ሰናይት ወልዳ ልታርሳት ሄዳ ማለት ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ደረቷን ወግቶ ያዛትና ሰናይት እያለቀሰች ደወለች። ደረጀ ባዶ መኪናውን ይዞ በረረ፣ እናታችንን ከኋላ ረጅሙ ወንበር ላይ አስተኝቶ ወደ ጅግጅጋ ተነሣ፣ ሰናይት አራስ ናት፣ አብራ መምጣት አልቻለችም። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እመኑኝ፣ መኪናዋን ከማየቴ በፊት ነው የሰማኋት፣ ከመታጠፊያው ወዲያ ሙዚቃ ይደልቃል፣ ሠርግ አጃቢ መስሎኝ «ይሄ ደግሞ ሆስፒታል በር ላይ አያፍርም እንዴ» ብያለሁ፣ ስትጠጋ የደረጀ ዶልፊን ሆነች። በሩን ሳንሸራትተው ሙዚቃው አሁንም ይጮሃል፣ እናቴ ቀዝቅዛለች። መንገድ ላይ የቱ ጋ እንደሞተች ደረጀ አያውቅም። ገባችሁ? የወለደችውን እናቱን ከኋላው ይዞ፣ የቱ ጋ እንደሞተች አያውቅም።

እነዚያን ስፒከሮች የገጠምኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለቱን ከኋላ ወንበር በላይ፣ ልክ ጭንቅላቷ ከነበረበት ራስጌ።

ለቅሶ ላይ ሰዉ ሁሉ «ቀኗ ነው፣ ምን ታደርጋላችሁ» ይለናል፣ እኔ ደረጀን ማየት አልቻልኩም። በአርባዋም፣ በመንፈቋም በአንድ ድንኳን ተቀምጠን ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈስኩለትም። ሰናይት «እባክህ አቡሽ፣ እሱም እኮ ልጇ ነው» ትለኛለች፣ ልጇ መሆኑ ነው የባሰ የሚያናድደኝ።

ከመንፈቋ በኋላ አንድ ቀን፣ ወደ ቶጎጫሌ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለችው ወርክሾፔ ድረስ መጣና መኪናዋን አቆመ። ካርቶኖች ማውረድ ጀመረ፣ አዲስ ቴፕ፣ አዲስ አምፕሊፋየር፣ ደረት የሚመታው ትልቁ ቤዝ፣ አራት ስፒከር።

«ሙሉውን ቀይርልኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«ድምፁ ያንሳል።»

«ለማን ነው የሚያንሰው?»

ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «አሥር ሰዓት እመጣለሁ» ብሎ ባጃጅ ይዞ ሄደ። ካርቶኖቹን በእግሬ ልመታቸው ነበር፣ ለምን እንዳልመታኋቸውና ለምን ሥራውን እንደጀመርኩ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፣ እነዚያን የድሮ ስፒከሮች ከዚያ ቦታ በገዛ እጄ መንቀል ፈልጌ ነበር፣ ሰባብሬ ልጥላቸው።

ከወርክሾፔ አጠገብ፣ በቆርቆሮ አጥር ብቻ ተለይተን፣ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋ ሙክታር የሚባል ጎረቤት አለኝ፣ እናቴን የሚያውቃት፣ ሲያልፍ ሲያገድም በሱማሊኛ ያወጋት የነበረ ሰው ነው። እናቴ እዚሁ ጅግጅጋ ተወልዳ ያረጀች ናት፣ አያቷ ወታደር ሆነው መጥተው የቀሩ ናቸው፣ ሱማሊኛዋ ከኔ የገበያ ሱማሊኛ በብዙ ይሻል ነበር።

ከምሳ በኋላ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋግቷል፣ መንገዱ ላይ ከአቧራና ከነፋስ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ባትሪውን ነቀልኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሁለቱን ጫፍ ብቻ አይደለም፣ ባትሪውን ራሱን አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ስናደድ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ። ከዚያ በካቻቢቴ ፈትቼ ቴፑን ከዳሽቦርዱ አወጣሁት፣ የሽቦዎቹ ጫፎች ተንጠለጠሉ። የትኛው ጥንድ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ለመለየት ባለ ቀስቱን የድሮ ኮረንቲ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ አንዱ ጥንድ ላይ ሳደርገው ቀስቱ ተንቀጠቀጠ።

ባትሪ የሌለው መኪና ነው እኮ። ቀስቱ ዝም ማለት ነበረበት። ትንሽ ተንቀጥቅጦ ይቆማል፣ ሁለት ጊዜ ዘለል ይልና ይቆማል፣ እንደገና ረዘም አድርጎ ይንቀጠቀጣል። አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ስፒከር በግልባጩ ማይክ ነው፣ ፊቱ ላይ ብትናገሩበት ወይ በጣት ብታንኳኩት እሱም በተራው ትንሽ ኮረንቲ ይሰጣል። ስለዚህ ያሰብኩት ግልጽ ነው፣ አንድ ሰው ከኋላ ገብቶ ስፒከሩን እየነካካብኝ ነው። ወርጄ በሩን ሳንሸራትተው ማንም የለም፣ መስኮቶቹ ለአቧራው ብዬ እንደዘጋኋቸው ናቸው።

«ሙክታር፣ ዛሬ የቀልድ ቀኔ አይደለም» ብዬ በአጥሩ ላይ ጮህኩበት።

መርፌውን እንደያዘ ብቅ አለ። «ወላሂ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም፣ ምን ሆንክ?»

ቀስቱን አሳየሁት። እሱ ስለ ኮረንቲ ምንም አያውቅም፣ ግን ጥቂት አየውና «ይሄ ነገር ያወራል» አለኝ፣ እኔም ይበልጥ ተናደድኩ። አንዳንዴ ረጅም ገመድ ሬዲዮ ይስባል፣ ከድንበር ማዶ ያለ ጣቢያ ይሆናል ብዬ፣ ይህንኑ ላሳየውና አፉን ላስይዘው፣ የሽቦውን ጫፎች በሌላ ገመድ ቀጥዬ ወርክሾፑ ውስጥ ካለችው መሞከሪያ አምፕሊፋየሬ ጋር አገናኘሁት፣ አምፕሊፋየሯ የምትሠራው በቤቱ መብራት ነው፣ ከመኪናው ጋር ከነዚያ ሁለት ሽቦዎች በቀር የሚያገናኛት ነገር የለም። ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

መጀመሪያ ሹሹታ ነበር። ቀጥሎ የጎማ ድምፅ፣ ጠጠር እየፈጨ የሚሄድ ጎማ፣ መኪናዋ ግን ዓይናችን ሥር ቆማለች። ከዚያ ትንፋሽ፣ አጭር አጭር፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። ሙዚቃ የለም፣ ያ ሆስፒታል በር ላይ ከሩቅ የሰማሁት ጩኸት አንዲት ጠብታ የለችበትም። ከዚያ እናቴ ተናገረች።

«ደሬ» አለች። «ደሬ፣ የኔ ልጅ፣ ቀንሰው።»

ሙክታር ክንዴን ያዘኝ። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ንዴት ነው፣ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ፣ ለምናዋለች ማለት ነው፣ ቀንሰው ብላ ለምናዋለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠራችው፣ እየደከመች፣ እያነሰች። ከዚያ ዝም አለችና፣ ደረጀን ከምትጠራበት በተለየ ድምፅ፣ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው እንደሚነገረው ቀስ ብላ «አባዮ፣ ቢዮ» አለች። በሱማሊኛ እህቴ፣ ውሃ ማለት ነው።

ሌላ ሴት መለሰችላት። ወጣት አይደለችም፣ አሮጊትም አይደለችም፣ ድምፅዋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ያኔ ሮጥኩ። መኪናዋ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ እስከ ኋላ ወንበር ደረስኩ፣ ባዶ ነው፣ የስፒከሩን ወንፊት ገንጥዬ ሳየው ግን መሐሉ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ድምፅ ሳያሰማ። መዳፌን ጫንኩበት፣ ገፋኝ። በሁለት እጄ ይዤ ከነሽቦው መነጨቅኩት፣ እጄን ቆርቆሮው ቆርጦኝ ሲደማ እንኳ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ስመለስ ሙክታር አምፕሊፋየሯ ላይ ጆሮውን እንዳዘነበለ ቆሟል፣ ሹሹታው ብቻ ቀርቷል።

«ምን ተባባሉ?» አልኩት።

«ውሃ ጠየቀቻት፣ ያቺኛዋ እንኪ አለቻት።»

«ያቺኛዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ አንተን የምጠይቅህ፣ ከእናትህ ጋር መኪናው ውስጥ ማን ነበር?»

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ዓይኔ ጨለመ። ደረጀ መንገደኛ ጭኖ ነበር ማለት ነው፣ እናቱ ከኋላ እየሞተች ለመንገደኛ ቆሟል ማለት ነው። እስከ አሥር ሰዓት እንዴት እንደቆየሁ አላውቅም፣ ሙክታር ሥራውን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ብቻዬን እንድጠብቀው ያልፈለገ ይመስለኛል።

ደረጀ ሲመጣ ሰላም አላልኩትም። «ከሸደር ስትመጣ ማንን ጭነህ ነበር?»

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነ ታውቃለህ። ማናት ሴትዮዋ?»

ፊቱ ላይ የማየው ድንጋጤ እንደተያዘ ሌባ ድንጋጤ አልነበረም፣ ነገሩ ጨርሶ ያልገባው ሰው ነው። «ማንንም አልጫንኩም። አንድም ቦታ አልቆምኩም። በእማዬ አፅም።»

«በእሷ አፅም አትማል። ውሃ የሰጣት ማነው?»

ይሄኔ ተቀመጠ፣ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ። «መኪናው ውስጥ ውሃ አልነበረም» አለ። «ስሄድ መኪናዋ ሞቃብኝ ያለኝን ውሃ ሁሉ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ግን ስናወርዳት ነጠላዋ አንገቷ ጋ እርጥብ ነበር። ላብ ነው ብዬ ነው።»

ሙክታር በሱማሊኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ቀንሰው ስትልህ ሰምተሃታል?» አልኩት።

«ስትቃትት እየሰማሁ መንዳት አልቻልኩም» አለኝ። «መኪናዋን ልገለብጣት ነበር። ከፍ አደረግኩት። ከፍ ሳደርገው መንዳት ቻልኩ።»

«አሁንስ? ይሄን ሁሉ ደግሞ ለምን አመጣኸው?»

«ባዶዬን ስመለስ ከኋላ መቃተቷ ይሰማኛል። የድሮው ቴፕ አይሸፍነውም።»

በጥፊ መታሁት። ታላቄን፣ በአባቴ እግር የተተካውን፣ በጎረቤት ፊት። እጁን አላነሣብኝም፣ ተነሥቶ ባትሪውን ራሱ መልሶ አሰረ፣ ቴፑ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ እንደሆነ፣ ሽቦው እንደተንጠለጠለ ነድቶ ሄደ። ካርቶኖቹን ትቷቸው ሄደ፣ አሁንም እኔ ጋ ናቸው።

እኔ ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። የነቀልኩትን ስፒከር ለብቻው አገናኝቼ አዳምጫለሁ፣ ጸጥ ያለ ነው፣ አንኳኩቼበት የራሴን ማንኳኳት ሰምቻለሁ። ሸደር ድረስ ሄጄ በመንገዱ ላይ ባሉት መንደሮች፣ በዚያ ቀን ዶልፊን ላይ የተሳፈረች ሴት ካለች ብዬ ጠይቄያለሁ፣ የሰማ የለም። ሰናይት ስታሳፍራት ከደረጀና ከእማዬ በቀር ማንም እንዳልነበረ ምላ ነገረችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሙክታር የወንበር ልብስ እየሰፋ፣ ቀና ሳይል «አንተ ስትሮጥ የሰማሁት ነገር አለ፣ ያኔ አልነገርኩህም» አለኝ።

«ንገረኝ።»

«ሴትዮዋ ውሃውን ከሰጠቻት በኋላ ‹ልጆችሽ የት ናቸው?› አለቻት። እናትህም ‹አንዱ ከፊት ነው፣ እየነዳ ነው፣ ተዪው አትረብሺው› አለቻት። ከዚያ አንተ ነቀልከው።»

ይህን ሲሰማ ሰው ማልቀስ አለበት፣ እኔ ግን ንዴቴ ባሰብኝ፣ ለምን እንደባሰብኝ ደግሞ እስከ ዛሬ ለራሴም አልመለስኩም። ባልነቅለውስ ኖሮ ሌላ ምን ትል ነበር?

ለደረጀ አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት ወርክሾፔ ደጃፍ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በመስኮቱ በኩል «ሌላ የሰማኸው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ አሁን ያለ ምንም ሙዚቃ ነው የሚነዳው።

«የለም» አልኩት።

ማርሽ አስገብቶ ተነሣ። መኪናዋ በፊቴ ስታልፍ፣ የኋላው መስኮት እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።