መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት

የጀልባ ነጂው የሙአዊያ አስከሬን በሐይቁ የቁንዝላ ዳርቻ፣ ደንገል ውስጥ ተገኘ። ኢንስፔክተር ወለላ ስትደርስ ታጥቦ፣ ተከፍኖ ለቀብር ተዘጋጅቶ ነበር። ስልኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ውሃ አልነካውም። ሐሙስ ከሰዓት ጀልባውን የገለበጠው ነፋስ ሲነሳ ሊደርሰው ይገባ የነበረው ማስጠንቀቂያ ግን አልገባለትም።

ማስጠንቀቂያውን ለነጂዎች የሚልከው ባሕር ዳር፣ የጀልባ ማኅበሩ ቢሮ ያለ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ጌትነት ከሟች ጋር ስብሰባ ላይ ተጣልቷል፤ ሐሙስም ቢሮ የዋለው እሱ ብቻ ነው። የሟች ወንድም ኢስሀቅ ጣቱን ቀሰረበት፤ ጌትነትም ታሰረ። ሁሉም ነገር ያለቀለት መሰለ፤ ወለላ ደግሞ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይጥማትም።

«ሐሙስ ኮምፒዩተሩ ላይ ምን ነካካህ?» አለችው ጌትነትን።

«ምንም አልነካሁም። ጥዋት ይሠራ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ተነሳ፤ ፕሮግራሙም የተነሳ መስሎኝ ምሳ ወጣሁ። አለማየቴ ጥፋቴ ነው።»

ወለላ የማኅበሩ ጸሐፊ ወደሆነችው ወደ ሟች ልጅ፣ ወደ ሀኒያ ሄደች።

«ሐሙስ የት ነበርሽ?»

«ሐሙሲት ከተማ፣ አክስቴ ቤት። ቢሮ አልገባሁም።»

«ጌትነት መብራት ጠፍቶ ነበር ይላል።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር?» የሀኒያ ፊት አመድ መሰለ። ወለላ ያን ፊት ባላየሁት ብላ ተመኘች።

በማግስቱ ጌትነትን በካቴና እንዳለ ቢሮ አስመጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ የወጣውን የስህተት መልእክት አስነበበችው፤ ምን ማለት እንደሆነም አስረዳት። ከዚያ ኢስሀቅንና ሀኒያን ጠራች።

«ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፋይል አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም የሚሠራው በአሮጌው ቨርዥን ነው። አንድ ሰው አሮጌውን አንስቶ አዲሱን በስሙ ተክቶበታል» አለች ወለላ።

«ይኸው! ከእሱ በቀር ማን ነበረ?» አለ ኢስሀቅ።

«ሁላችንም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም አንዴ ከተነሳ ፋይሉን ቢወስዱበትም የያዘውን ይዞ ይሠራል። የሚወድቀው ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ነው። ስለዚህ ፋይሉ የተቀየረው መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት፣ በሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። ጌትነት ለክፋት ቢሆን ፕሮግራሙን ራሱን ያጠፋው ነበር፤ ለሥራ ቢሆን ደግሞ ሁለቱንም ቨርዥን ጎን ለጎን ያኖራል። ይኸ ሌላ ፕሮግራም ለማስነሳት የቸኮለ፣ ማስጠንቀቂያው ሲሠራ አይቶ ደህና ነው ብሎ የሄደ ሰው ሥራ ነው። የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። መብራት መጥፋቱን ስትሰማ የደነገጠችው ደግሞ አንዷ ናት።»

ወለላ ስሟን መጥራት አቃታት። ሀኒያ ራሷ ተናገረች።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ። የሟች እናቴ ቪዲዮ ድምፁ አይሰማም ነበር። አባዬ ድምፅዋን ረሳሁት እያለ ያለቅስ ነበር። ከሐሙስ በፊት ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የጫንሁት ድምፅ የሚያጠራ ፕሮግራም አዲሱን ላይብረሪ ጠየቀኝ፤ ቀየርሁት። ማስጠንቀቂያውን አየሁት፣ ይሠራል። ወላሂ ይሠራ ነበር!»

ወለላ የጌትነትን ካቴና ፈታች። ጌትነት ነጻ ወጥቶም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ያለቅስ ነበር። ኢስሀቅ ለገዳዩ ያዘጋጀውን ቃል ትቶ ወለሉ ላይ ከወደቀችው የወንድሙ ልጅ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሙአዊያ እናትሽን ሰማት?» አላት።

«ሰማት። ከቁንዝላ ስመለስ ደግመሽ ታሰሚኛለሽ አለኝ።»