አሮጌውን ራም ጣለው

ኤባ ማብሪያውን ተጫነው። የላፕቶፑ ማራገቢያ እፍ ብሎ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

እንደገና ተጫነው።

ጨለማ።

«ሁለተኛህ ነው» አለ መርዳሳ፣ ሶፋው ላይ እንደተንጋለለ ጫቱን እየቀነጠሰ። «ትናንት ራም ጨምሬ አፈጥነዋለሁ ብለህ ወሰድከው። ዛሬ ሬሳ ሆነ። ከአንተ ሌላ ማን ነካው?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ባትሪውን ልንቀለው።»

ጠባቂው ጉቱ በሩን ተደግፎ ቆሟል። እጁ ከቀበቶው አልራቀም።

ኤባ የሚለው የሽፋን ስም ለስለላው የተሰጠው ከሰባት ወር በፊት ነው፤ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ ጋር። መርዳሳ ከወንጂና ከመተሐራ የስኳር ሠራተኞች ቤት ልጃገረዶችን በዓረብ አገር ሥራ እያማለለ ይወስዳል፤ ከዚያ ይሸጣቸዋል። አሁን የያዛቸውን ሃያ ሦስት ልጃገረዶች የት እንደደበቃቸው የሚናገረው ይህ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ትናንት ኤባ ራሙን ሲጨምር ሁሉንም ገልብጦታል። ግልባጩ፣ ጥፍር የምታክል ካርድ፣ አሁን ካልሲው ውስጥ ናት። ለአለቆቹ የሚያስረክባት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

መርዳሳ የጠረጠረውን ሰው መጀመሪያ ያስፈትሻል።

ኤባ የላፕቶፑን ክዳን በካቻቢቴ ከፈተ። ወዲያው አየው።

አዲሱ ራም በአንድ ጎኑ ብድግ ብሏል። ትናንት ጉቱ ሱቁ በር ላይ ድንገት ሲደርስ፣ ቀጭ እስኪል ሳይጫነው ክዳኑን ገጥሞታል። ሲያስረክብ ሠርቶ ነበር። መንገድ ላይ ሲንገላታ ወጣ። በአውራ ጣት የሚስተካከል ነገር ነው።

የራሱ ጥፋት።

«አልገጠምኩትም ነበር» ቢል መርዳሳ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ምን አስቸኮለህ?

ስልኩ ጮኸ።

«ማነው?» አለ መርዳሳ።

«የአዲስ አበባ ዕቃ አቅራቢዬ ነው።»

«ላውድ ላይ አድርገው።»

አለቃው መሳይ ነበር፤ ኤባ ወደዚህ ሲጠራ መልእክት ልኮለታል። «ኤባ፣ ምን ገጠመህ?»

«አዲስ ራም ጨመርኩ፤ አልነሳ አለኝ።»

«ከአሮጌው ጋር አልተስማማም። አሮጌውን አውጥተህ ጣለው።»

 በኤባና በመሳይ የሚስጥር ቋንቋ «አሮጌው ራም» ኢፍቱ ናት። እህቷ ሲና ከጠፋች ወዲህ በዚህ ቤት በሠራተኝነት ገብታ ዓይንና ጆሮ የሆነችላቸው፤ የመርዳሳን የይለፍ ቃል ያቀበለችው። «ሳላወጣሽ አልወጣም» ብሏታል ኤባ፣ በእናቱ ስም።

«ሌላ ነገር ብሞክርስ?»

«ጊዜ የለም። ጣለው።» ዘጋው።

ኤባ ራሙን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ቀጭ። ማብሪያውን ነካ።

ስክሪኑ በራ።

መርዳሳ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ምን ነበር?»

«ጋሼ፣ ከእኔ በኋላ የከፈተው ሰው አለ። ራሙን ነቅሎ በቅጡ አልመለሰውም።»



«ጠዋት ቤት ማን ነበር?» አለ መርዳሳ።

«ኢፍቱ ብቻ» አለ ጉቱ።

ጠሯት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች። የተከፈተውን ላፕቶፕ አየች። ኤባን አየች። እሱ ዓይኑን ሰበረ።

አንድ ቃል ብትተነፍስ ያልቅለታል።

«ይህን አንቺ ነሽ የከፈትሽው?» አላት መርዳሳ።

 «አዎ። እኔ ነኝ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። እህቴን ፍለጋ ነው።»

ጉቱ በፀጉሯ እየጎተተ ወደ ጓሮ ወሰዳት። ኤባ ሊነሣ ሲል መርዳሳ ትከሻውን ተጫነው። «ቁጭ በል። ክዳኑን ግጠም።»

ብሎኖቹ አሥር ናቸው። አንዱን አጥብቆ ሌላውን እስኪያነሣ ከጓሮ ድምፅ ይመጣል። ስምንተኛው ላይ ድምፁ ቆመ።

ዘጠነኛውን አነሣ፤ አጠበቀው። ሥልጠናው ጥሩ ነበር።

«ጎበዝ ባለሙያ ነህ» አለ መርዳሳ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤባ መሳይ የላከው ባጃጅ ውስጥ ገባ። ጫማውን እንደሚያስር ጎንበስ ብሎ ካርዷን ወንበሩ ሥር ለጠፋት። «ወራጅ» አለ። ሹፌሩ ዞሮ አላየውም።

በማግስቱ ፖሊስ ከመተሐራ ወጣ ያለ የእህል መጋዘን ሰበረ። ሃያ ሦስቱም በሕይወት ወጡ። መርዳሳ አዋሽ ኬላ ላይ ተያዘ።

መሳይ መኪና ውስጥ ነገረው። «ልጅቷን ወንጂ አገኟት። የሸንኮራው መስኖ ቦይ ውስጥ።»

«አንተ ጣለው ስትለኝ እንደሚገድሏት ታውቅ ነበር?» አለ ኤባ።

«አንተስ?»

 ኤባ ከመኪናው ወረደ። ልጃገረዶቹ ፊት ለፊት ባለው ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኮልኩለዋል። በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አንዷ ጠራችው። የኢፍቱ ፊት ነው፤ በዕድሜ ብቻ ያንሳል።

«ወንድሜ፣ ስልክህን ታውሰኛለህ? እህቴ ጋ ልደውል።»

ሰጣት። ቁጥሩን በቃሏ መታችው። ጆሮዋ ላይ ይዛ ጠበቀች፤ ደግማ ሞከረች።

«ዝግ ነው» አለች።

«ቻርጅ አልቆባት ይሆናል» አላት። «ማታ ሞክሪ።»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩን ተቀበላት። መንገድ ተሻግሮ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣ። ረዳቱ የት እንደሚወርድ ጠየቀው።

«መጨረሻ» አለ።